«ያንቺን ጾም እኔ ይዤዋለሁ»

አጎቴ ጋሼ ካረፉ ይህ የመጀመሪያው ሁዳዴ ነው። ባለቤታቸው እትዬ የስኳር በሽታ ስላለባቸው የንስሐ አባታቸው እንዳይጾሙ ከልክለዋቸዋል። ጋሼ በየጠዋቱ «ያንቺን ጾም እኔ ይዤዋለሁ፣ የኔ እመቤት» እያሉ በእጃቸው ያጎርሷቸው ነበር። ሰው በዘጠኝ ሰዓት ሲቀምስ፣ እሳቸው የእትዬን ጨምረው እስከ አስራ ሁለት ይቆዩ ነበር። ሆሳዕና ሲደርስ፣ የገላን ኮንዶሚኒየም ነፋስ እንዳይወስዳቸው ኪሳቸው ድንጋይ ልከትላቸው ያሰኘኝ ነበር።

ትናንት እትዬ መድኃኒታቸውን ወስደው «አልበላም» አሉ። «ጾሜን ማን ይዞልኝ?»

«እኔ እይዝልዎታለሁ» አልኳቸው፣ ጉርሻ ጠቅልዬ።

ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «አንተ? አርብ አርብ ክትፎ ሲያልም የሚውል ሰው?»

ዕድሜዬን ሙሉ ስቀልድ ኖሬአለሁ፤ ያን ጊዜ ግን የምሬን ነበር። ሳቃቸው ሲያልቅ አፋቸውን ገጠሙ፤ ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ።