ኬንቹር ሩስሚያቲ ትከሻ ላይ ያረፈ ዕለት

በሩስሚያቲ እቀናለሁ። ይህን ደብቄ ስለ እሷ ላወራ ብሞክር ሳልውል ሳላድር ያስታውቅብኛል፤ ስለዚህ ከወዲሁ ተናግሬ ልገላገል።

ኢንዶኔዥያ፣ ማላንግ ከተማ ውስጥ አንድ ቀጭን መንገድ ለሁለት ከፍሎን ፊት ለፊት እንኖራለን። እኔ ጠዋት ጠዋት ገበያ ቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ እየጠበስኩ እሸጣለሁ፤ እሷ ቤቷ ቁጭ ብላ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ባሏ የአውቶብስ ሹፌር ነበር፤ ሞተባት። ልጅ አልወለደችም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር የሰማት የለም፤ እሱም ያናድደኛል። ሰው እንዴት አንድ ቀን እንኳ አይጮህም? ከዩኒፎርም በተረፈ ጨርቅ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ከረጢት ትሰፋለች። የሰፈሩ ሹገር ግላይደሮች ሁሉ የሚተኙት እሷ በሰፋችው ከረጢት ነው።

ግላይደር መዳፍ የሚሞላ፣ ዓይነ ጎላ፣ ከፊት እግሩ እስከ ኋላ እግሩ በተዘረጋ ቆዳው አየር ላይ ተንሳፍፎ የሚዘል እንስሳ ነው። ቀን ከረጢቱ ውስጥ ተኝቶ ደረታችን ላይ ይውላል። እሁድ አመሻሹ ላይ አደባባዩ ዛፍ ሥር እንሰበሰብና ከግንዱ ላይ እንለቃቸዋለን። አሳዳጊው ደረት ላይ ያረፈ ይጨበጨብለታል። ሌላ ሰው ላይ ካረፈ ግን አሳዳጊው ሳምንቱን ሙሉ መሳቂያ ነው።

የእኔ ኬንቹር ሁለት ዓመት ሙሉ ስቶ አያውቅም። አንድ እሁድ ግን ግንዱ ላይ ቆየ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ አጠገቡ ቆማ የነበረችው ሩስሚያቲ ትከሻ ላይ አረፈ።

"እትዬ ታሪኒ፣ ልጅሽ ኮበለለብሽ!" አለ ጫማ ጠጋኙ ሃርጆኖ። ሰዉ ሁሉ አውካካ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ አንጀቴ ግን አረረ።

ሩስሚያቲ አልሳቀችም። ኬንቹርን ገልብጣ እግሩን ዳሰሰች፤ በትከሻዎቹ መሀል ያለውን ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ቆዳው ቶሎ ወደ ቦታው አልተመለሰም።

"ታሪኒ፣ ይሄ ልጅ ደህና አይደለም። ወደ እኔ መዝለሉ አይደለም፣ ቅርብ ስለነበርኩ ነው የወደቀብኝ። የኋላ እግሩን እይው። ምንድን ነው የምታበይው?"

"አንቺ የማታበይውን! ማር የገባበት የሕፃን ገንፎ፣ ሙዝ፣ ትል። ሆዱን አታይውም?"

"ሆዱንማ አየሁት። ያሳሰበኝ አጥንቱ ነው።"

"አምጪው ወዲህ! የራሱ ልጅ የሌለው ሰው የሰው ልጅ ባየ ቁጥር በሽታ ያወጣለታል።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። አደባባዩ ሁሉ ሰምቷል። እሷ ኬንቹርን ከረጢቱ ውስጥ አስገብታ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝና ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ በቅናት ዓይን አየሁት። ቀን ከከረጢቱ ወጥቶ ፈዝዞ ሲቀመጥ፣ እሷን እየጠበቀ ነው አልኩ። ምግቡን ሲተው፣ ናፍቃው ነው አልኩ። ማታ መጋረጃው ላይ መውጣት ሲያቆም፣ አኩርፎኛል ብዬ እኔም አኮረፍኩት። አኩርፌውም ማሩን አበዛሁለት፤ በሆዱ ላሸንፋት ነበር።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት የኋላ እግሮቹን እየጎተተ በፊት እግሮቹ ብቻ ወለሉ ላይ ሲሳብ አገኘሁት። እግሬ የወሰደኝ ወደ ሐኪም አልነበረም፤ ወደ ሩስሚያቲ በር ነበር።

ክሩን ከአፏ አውጥታ አየችው። "አላልኩሽም?" እስክትል ጠበቅሁ፤ አላለችም። ብትለው ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ እጣላት ነበር። እንዳይበርደው በሻርፕ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ አስገባችውና በሞተር ሳይክሌ ወደ እንስሳት ሐኪም በረርን።

"ካልሲየም አጥቶ አጥንቱ ሳስቷል፤ ውሃም ጎድሎታል" አለች ሐኪሟ ከቆዳው ሥር ፈሳሽ እየወጋችው። "ማርና ገንፎ ይቁም። መድኃኒቱን በጠብታ ትሰጡታላችሁ። መንጠላጠል እንዳይችል ዝቅ ያለ ሣጥን ውስጥ ይሁን። በየሦስት ሰዓቱ በእጅ የሚያበላው ሰው ይፈልጋል፤ ስድስት ሳምንት። ማናችሁ ናት ቤት የምትውለው?"

ሩስሚያቲ መሬት መሬት አየች። እኔ እንድናገረው መጠበቋ ነው፤ ይህችንም ጨዋነት ጠላሁባት። ቢድን የእሷ ሊሆን ነው፣ ቢሞት ጥፋቱ የእኔ ነው።

"እሷ ትያዘው" አልኩ።

ስድስቱን ሳምንት ደጇን አልረገጥኩም። ወሬውን የምታመጣልኝ ትልቋ ልጄ ዲያህ ነበረች። "ዛሬ ቆመ" ስትለኝ አለቀስኩ። "ከእትዬ ሩስሚያቲ አንገት አልወርድ አለ" ስትለኝ ደግሞ የቶፉውን መጥበሻ በቁጣ አጋጨሁት።

ቀኑ ሲሞላ ገላዬን ታጠብኩ፣ የክት ልብሴን ለበስኩ፣ ሽቶ ተቀባሁ። እሷ ፊት ተጎሳቁዬ አልታይም አልኩ። ሳላንኳኳ ገባሁ።

ሩስሚያቲ ስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ትሰፋለች። ከቀሚሷ በላይ የደረበችው ዘይት የጠገበውን የእኔን የሥራ ሸሚዝ ነው።

"እሱ የኔ አይደለም እንዴ? ልታሾፊብኝ ነው?"

"ዲያህ ናት ሳይታጠብ ከቆሻሻ ልብስ ቅርጫትሽ እያወጣች የምታመጣልኝ። ሃርጆኖ በቀደም ገብቶ 'አንቺም ቶፉ ጀመርሽ?' አለኝ።"

ኬንቹር ስፌት መኪናው ላይ ነበር። እጄን ዘረጋሁ። አሸተተኝና ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ከዚያ በአራቱም እግሩ ተስፈንጥሮ ሩስሚያቲ ደረት ላይ አረፈ። የሸሚዙ አንገት ውስጥ ተሸሸገ።

"ይኸው!" አልኩ፤ እንባዬ መጣ። "የአንቺ ሆኗል፤ ደስ ይበልሽ።"

"ሽቶ ተነክረሽ መጥተሽ! በምን ይወቅሽ?" ሸሚዙን ኬንቹር ውስጡ እንዳለ አውልቃ በክት ልብሴ ላይ ደረበችልኝ። "አንቺን ሸሽቶ የገባው አንቺው ጋ ነው። ይርሳሽ ብዬ ነው እንዴ ስድስት ሳምንት ቶፉ ቶፉ የሸተትኩት?"

ኬንቹር አንገቴ ሥር ተጠቅልሎ ተኛ። ልቡ ቶሎ ቶሎ ሲመታ ይሰማኛል።

መንገዱን ተሻግሬ ቤቴ ስገባ ራሴን ጠየቅሁ። የእሷ ግላይደር ታሞ እኔ እጅ ቢገባ ኖሮ፣ እንዳይረሳት ብዬ የእሷን ልብስ እለብስ ነበር? አልለብስም ነበር። የራሴን ነበር የምለብሰው። አሁንም የምቀናባት በዚህ ነው።