የምሥራችና የቪአይፒው ፉርጎ

የምሥራች ፒጃማ ለብሶ ባቡር የሚሳፈር ሰው አትወድም። በየዓመቱ የፈረንጅ ገና ሲቃረብ አባት፣ እናት፣ ልጆች፣ አንዳንዴም ውሻው ሳይቀር አንድ ዓይነት ቀይና አረንጓዴ ፒጃማ ለብሰው ኦበርን ባቡር ጣቢያ ላይ ተሰልፈው ስታይ፣ ቲኬታቸውን እየተቀበለች በአማርኛ "አልጋ የጠፋባቸው!" ትላለች። ፈገግ ብላ ስለምትለው ምርቃት ይመስላቸዋል። "ታንክ ዩ፣ ዩ ቱ!" ይሏታል።

ሥራዋ ነው። በበዓል ሰሞን ቤተሰቦችን እያሳፈረ በዋናው ሐዲድ ላይ ሽርሽር በሚያደርግ የእንፋሎት ባቡር ውስጥ የአስተናጋጆች አለቃ ናት። በአዘቦቱ ቀን ኤርፖርት ዊልቸር ትገፋለች። ከሆሳዕና በዲቪ የመጣችው ከባሏ ከዱሬሳ ጋር ሲሆን ቤታቸው ቡሪየን የሚባል ከተማ ነው። ዱሬሳ ኦበርን መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ የባቡሩ ድርጅት ሰው እንደሚፈልግ ሰምቶ የነገራትም እሱ ነው። ሲነግራት ትስቃለች ብሎ ነበር እንጂ ትቀጠራለች ብሎ አልነበረም።

ባቡሩን ራሱ ትንቀዋለች። ጥቁሩ ሎኮሞቲቭ ከፊት ሆኖ ያፏጫል፣ ጭሱን ይተፋል፣ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸዋል፤ ዳገት ሲመጣ ግን ከኋላ የተቀጠለው የናፍጣ ሞተር ነው የሚገፋው። መድረኩ ላይ የሚዘንበው በረዶ የሳሙና አረፋ ነው። የገና አባት የሚሆነው ሰውዬ ጢሙ ሲጋራ ሲጋራ ይላል።

"እንዲህ ከናቅሽው ለምን አትተይውም?" ይላታል ዱሬሳ።

"ሰው ከፍሎ ሲሞኝ እንደማየት የሚያዝናና ነገር የለም" ትለዋለች።

ይህን ትበል እንጂ፣ ካልሲው የረጠበ ልጅ ወይም መንገዱ ያዞራት ነፍሰ ጡር ካለች መጀመሪያ የምትደርሰው እሷ ናት። ያንን ግን ብትነግሯት ትቆጣለች።

ሙሉአለም የሚባለው ሰው ወደ ሕይወቷ የገባው በዚህ ሥራዋ ምክንያት ነው። ቤት አሻሻጭ ነው። ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባለው ሰፈር ውስጥ እጁን አጣጥፎ የተነሳው ፎቶ ያልተለጠፈበት የሐበሻ ሱቅ የለም። ቤት መሸጥ አልበቃው ብሎ ኮንሰርት ያዘጋጃል፣ የልብስ ትርዒት ያዘጋጃል፣ ሰው ሲሞት ለቅሶው ላይ ማይክሮፎን ይይዛል። አንድ ቀን እዚያው ኮሎምቢያ ሲቲ አንድ ካፌ ውስጥ አስጠራትና ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ ፖስተር ዘረጋላት።

"ሶ፣ የምሥራችዬ፣ የኛን ገና በባቡር! ለፋሚሊ! ያንቺን ባቡር ለአንድ ቀን ሙሉውን ሬንት አድርጌዋለሁ። ሂስቶሪ ነው የምንሠራው።"

የምሥራች ፖስተሩን አየችው። ከዳር እስከ ዳር የሞላው የሙሉአለም ፊት ነው።

"ባቡሩ የታለ፣ አቶ ሙሉአለም?"

"ከኋላዬ ነዋ!" አለ። እውነትም ሎኮሞቲቩ ከትከሻው ሥር እንደ ልጅ መጫወቻ ብቅ ብሏል።

ከዚያ ዕቅዱን አስረዳት። አንደኛው ፉርጎ ቪአይፒ ይሆናል፤ ቀይ ምንጣፍ፣ ዶሮ ወጥ፣ ክትፎ፣ ትኩስ ዳቦ።

"የቀረው ሰውስ?" አለች።

"ኩኪ አለ። ሆት ቾኮሌት አለ። ልጆች እኮ ናቸው፣ ምን ያውቃሉ?"

"ወላጆቻቸውስ?"

"እነሱ ፎቶ ይነሳሉ።"

የምሥራች ቤቷ ገብታ ይህን ለዱሬሳ ስትነግረው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ፈረንጅ ሲሞኝ ማየት አንድ ነገር ነው፤ የገዛ ወገንን በፉርጎ ከፋፍሎ የሚያዋርድ ሰው ማየት ግን ሌላ ነው። ያም ሆኖ ቀኑን አልቀረችም። እሷ ብትቀር እናቶቹን በቋንቋቸው የሚያናግራቸው አይኖርም።

የገና ዕለት ኦበርን ላይ ዝናብ ይዘንባል። ቤተሰቦቹ የሕፃን ጋሪ እየገፉ፣ ነጠላቸውን በጃኬት ሸፍነው መጡ። ቀዩ ምንጣፍ ውኃ ጠጥቶ፣ የረገጠው ሁሉ ፏጭ ፏጭ ያደርገዋል። ለዕለቱ የገና አባት እንዲሆን ሙሉአለም ያመጣው ወንዳፍራሽ የሚባል የቤንዚን ማደያ ሠራተኛ ነው፤ ገና ጢሙን አስተካክሎ ሳይጨርስ አንድ ልጅ ጣቱን ቀሰረበት።

"ዩ አር ኖት ሳንታ! ዩ አር ጋሽ ወንዴ ፍሮም ዘ ጋዝ ስቴሽን!"

ወንዳፍራሽ ጢሙን አውልቆ ኪሱ ከተተውና "ኦኬ፣ ገና ለገና ብዬ ነው" ብሎ ከልጁ ጎን ተቀመጠ። በዚያ ቀን የምሥራች ያከበረችው የመጀመሪያው ሰው እሱ ሆነ።

ችግሩ የመጣው መነሻው ላይ ነው። ሐዲዱ የመዝናኛ ባቡሩ ንብረት አይደለም፤ የጭነት ባቡሮች መስመር ነው። ለሽርሽር ባቡር የተቆረጠች ሰዓት ትሰጠዋለች፤ ያቺ ካለፈች መስመሩ ለኮንቴይነር ይለቀቃል። የባቡሩ አዛዥ ኢንግሪድ የምትባል፣ ረጅምና ንግግር የማታበዛ አሮጊት ናት። ወደ የምሥራች ዞር ብላ "በሮቹን ዝጊ፣ እንሂድ" አለቻት።

የምሥራች ሁሉንም ዘጋች፤ የቪአይፒው ብቻ አልዘጋ አለ። ሙሉአለም ወርቃማ ጥልፍ ያለው ጥቁር ካባ ደርቦ፣ አንድ እግሩን መረገጫው ላይ፣ ሌላውን መድረኩ ላይ አድርጎ ስልክ ያወራል። ሰው እንዲህ ቆሞ ባቡር አይንቀሳቀስም።

"አቶ ሙሉአለም፣ ወይ ይግቡ ወይ ይውረዱ።"

"ጋሽ ተክለ ጻድቅ መንገድ ላይ ናቸው። ጀስት አምስት ደቂቃ።"

"ሰዓታችንን ከተቀማን ስንቆም ነው የምንውለው። ሕፃናት አሉ።"

"የምሥራችዬ፣ ማን እንደሆኑ ታውቂያለሽ?"

ታውቃለች። ተክለ ጻድቅ በየሰፈሩ የአዛውንት መንከባከቢያ ቤት ያላቸው ሀብታም ናቸው፤ ሰርግም ይሁን ለቅሶ ዘግይተው ካልገቡ የገቡ አይመስላቸውም። ኢንግሪድ መጥታ በጨዋ እንግሊዝኛ ለመነችው። ሙሉአለም በጨዋ እንግሊዝኛ "አብሶሉትሊ" አላት፤ እግሩን ግን አላነሳም። አምስት ደቂቃው ሌላ አምስት፣ ያም ሌላ ወለደ። በመጨረሻ ተክለ ጻድቅ መኪናቸውን ለአካል ጉዳተኛ በተከለለው ቦታ ላይ ፓርክ አድርገው፣ ለማንም ሰላም ሳይሉ፣ "ሻይ አለ?" እያሉ ወጡ። ሙሉአለም እግሩን ያነሳው ያኔ ነው።

ባቡሩ ብዙም ሳይሄድ ከመጋዘኖቹ ወዲያ ወዳለ መጠባበቂያ መስመር ተገፍቶ ቆመ። የኮንቴይነር ባቡር ጫፉ የማይታይ ሆኖ አጠገባቸው አለፈ። እሱ ሲያልቅ ሌላ መጣ። ሰማዩ ጠቆረ፤ ኩኪው አለቀ፤ ሆት ቾኮሌቱ አለቀ፤ ሕፃናቱ በየፉርጎው ተራ በተራ ማልቀስ ጀመሩ። ሰውም ዩኒፎርም ያየው እሷ ላይ ስለሆነ ቁጣውን እሷ ላይ ያወርድ ጀመር።

"ባቡር መንዳት ሳትችሉ ለምን ትሸጣላችሁ?" አለቻት አንዲት እናት።

የምሥራች ወደ ቪአይፒው ፉርጎ ሄደች። ዶሮ ወጡ በትልልቅ ድስት ተቀምጧል፤ ክዳኑ አልተነሳም። ሙሉአለምና ተክለ ጻድቅ በመስኮት አጥር አጥሩን ያያሉ።

"ምግቡን ልወስደው ነው፤ ልጆቹ ርቧቸዋል" አለች።

"ኖ ኖ፣ እሱ የቪአይፒ ነው። ሰው ከፍሎበታል" አለ ሙሉአለም። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለጋሽ ተክለ ጻድቅ ሚቲንግ ስላለባቸው ኡበር ጠርተናል፤ ከአጥሩ ወዲያ ይጠብቀናል" አላት።

"ይጠብቀናል?"

"እኔም ልሸኛቸው ብዬ ነው።"

የምሥራች ከዚያች ደቂቃ በኋላ "እርስዎ" ብላ ጠርታው አታውቅም። "አንተ፣ ይህን ሁሉ ቤተሰብ አምጥተህ ጥለህ ልትሄድ ነው? ጌታ ይገሥጽህ!" አለችው። እሱ ግን በማዶው በኩል ያለውን በር ከፍቶ ወርዷል። ተክለ ጻድቅ አንገታቸውን አወጡና ጠጠሩንና ቁልቁለቱን አይተው መልሰው ተቀመጡ። የሚሸኘው ሰው ሳይወርድ ሸኚው ብቻውን ሄደ።

በየፉርጎው ያለ ልጅ ሁሉ መስኮት ላይ ተለጥፎ አየው። የሚያብረቀርቀው ጫማው ጠጠሩ ላይ እያዳለጠው፣ በእጁም በእግሩም እየሄደ አጥሩ ሥር ደረሰ። እዚያ ያለው ቁጥቋጦ የብላክቤሪ እሾህ ነው። ካባውን ያዘው። ሙሉአለም ሳበ፤ እሾሁም ሳበ። በመጨረሻ ካባውን ለእሾሁ ትቶ አጥሩን ዘለለ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን ሰው ከባቡር ወርዶ ሐዲድ አካባቢ ከታየ፣ የት እንደደረሰ እስኪረጋገጥ መስመሩ በሙሉ ይቆማል። ኢንግሪድ በሬዲዮ ስታመለክት ፊቷ አመድ መስሏል። አሁን ሊለቀቁ የነበሩት ሰዎች እንደገና ተገተሩ። ሙሉአለም ደግሞ ስልኩን አያነሳም።

የምሥራች ማይክሮፎኑን አነሳች።

"ወገኖቼ፣ የቆምነው ባቡሩ ተበላሽቶ አይደለም። አቶ ሙሉአለም አንድ ሀብታም ለመጠበቅ በሩን በእግሩ ይዞ ሰዓታችንን አሳለፈብን። አሁን ደግሞ እሱ ራሱ ዘሎ ስለወረደ ፖሊስ እስኪያገኘው እንጠብቃለን። ቪአይፒ የሚባል ነገር ከአሁን ጀምሮ የለም። ልጅ የያዘ ወደ ፊት ይምጣ፤ ዶሮ ወጥ አለ።"

"የሰው ስም አታጥፊ!" የሚል የወንድ ድምፅ ከመሐል ተሰማ።

እማማ ጸጋ የሚባሉ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ አሮጊት ተነሱ። "ሲዘል በመስኮት አላየኸውም እንዴ አንተ? ዓይንህን ታክመህ ና!" አሉት። ሰውየው ተቀመጠ። እማማ ጸጋ እጅጌያቸውን ሰብስበው ድስቱ ጋ ቆሙና ማካፈል ጀመሩ። ተክለ ጻድቅ ሳህን ይዘው ሲቀርቡ ቀና ብለው አዩዋቸውና፣ "እርስዎ መጨረሻ ላይ። መዘግየት ይወዳሉ አሉ" አሏቸው። ሰውየው መጨረሻ ላይ በሉ። ወንዳፍራሽም ጢሙን እንደገና አጥልቆ ሕፃናቱን በየተራ እያቀፈ ሲያዘፍን አመሸ፤ ጋሽ ወንዴ መሆኑን ሁሉም ስላወቁ ማንም አልፈራውም።

ፖሊስ ሐዲዱ ላይ ሰው አለመኖሩን አረጋግጦ መስመሩ ተለቅቆላቸው ኦበርን ሲመለሱ፣ የኡበሩ ሾፌር ሙሉአለምን ቤቱ ካደረሰው ቆይቷል።

በማግሥቱ ፌስቡክ ላይ "ታሪካዊው የገና ባቡር በደማቅ ሁኔታ ተጠናቀቀ" ብሎ ጻፈ፤ ፎቶው መነሻው ላይ በካባ የተነሳው ነው። ከሥሩ "ኮራንብህ" ያሉት ብዙ ናቸው። ከነሱ መካከል ባቡሩ ውስጥ ልጃቸው ሲያለቅስ የነበረም አሉ። የምሥራች ስማቸውን እያነበበች "ይሄም? እሷም?" እያለች ዱሬሳን እንቅልፍ ነሳችው።

በኋላ የማኅበረሰቡ ሰዎች ለሙሉአለም የምስጋና ዋንጫ ሊሰጡ አዳራሽ ተከራዩ። የምሥራችም ሄደች፤ ዱሬሳ እባክሽ ዝም በይ እያላት። ሙሉአለም ዋንጫውን ታቅፎ፣ "ባቡሩ የቆመው ጥቁሮች በመሆናችን በተሠራብን ግፍ ነው፣ እኔም አቤት ልል ነው ሮጬ የወረድኩት" ሲል አዳራሹ አጨበጨበ። የምሥራች ሳቀች። አፏን ሳትሸፍን፣ ጮክ ብላ።

"እህታችን ደስታዋን መቆጣጠር አቅቷት ነው" አለ በማይክሮፎን።

እማማ ጸጋ ከፊት ወንበር ነበሩ። "ልጄ" አሉት፣ "ካባህን ከእሾሁ ላይ አወረድከው?"

ከዚያ ከኋላ አንድ ልጅ "ሂ ሌፍት ኢት ኦን ዘ ፌንስ!" ብሎ ጮኸና ባቡሩ ላይ የነበሩት ሁሉ በሳቅ ፈነዱ። ሙሉአለም ዋንጫውን ይዞ በጎን በር ወጣ።

የባቡሩ ድርጅት የምሥራችን ጠርቶ ጠየቃት፤ ያየችውን ተናገረች። ከእንግዲህ ለሙሉአለም ባቡር አያከራዩም። እሷን ደግሞ ኢንግሪድ ለባቡር አዛዥነት ትሠልጥን ብላ አቀረበቻት፤ አሁን ትማራለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዳንድ ሰው "የወገንን ገበና ለፈረንጅ አወጣች" ብሎ ሰላምታ ነፍጓታል። ሰላምታቸው ረጅም ስለነበር ተገላገልኩ ትላለች።

እናቶቹ ግን ደወሉላት። በተከታዩ ዓመት እሷና እማማ ጸጋ ሆነው የገናን ባቡር አዘጋጁ፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ወንበር፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ምግብ። በሰዓቱ ተነስቶ በሰዓቱ ተመለሰ። ልጆቹ በደስታ ሲጮኹ ዋሉ። የሳሙና አረፋውንም እንደ በረዶ ሲበሉት ይዛ የስንቱን አፍ አጠበች።

በዚያው ሰሞን ሙሉአለም "የፋሲካ መርከብ" የሚል ፖስተር አወጣ። ቪአይፒ ፎቅ አለው። ትኬቱ በሳምንቱ አለቀ፤ ከገዙት መካከል መጠባበቂያው መስመር ላይ አብረዋት የተራቡ ሰዎች እንደነበሩበት ዱሬሳ ሰምቶ ነገራት።

የምሥራች ጫማዋን እያሰረች ነበር። ቀና ብላ አየችው።

"መዋኘት ይችላሉ?" አለች።

ዱሬሳ አላውቅም አላት። እሷም ቦርሳዋን አንግታ ወደ ሥራዋ ሄደች።