ትንፋሼን ማዘዝ የተውኩበት ክረምት

በጃንሆይ ዘመን ነው። ቤተ ልሔም በሚባለው የዜማ ትምህርት ቤት የዐቢይ ጾም ዜማ ሳዜም አንዷን ቃል ሳልጨርሳት ትንፋሼ ተቆረጠ። አፌን ጨው ጨው አለኝ። መዳፌ ላይ ተፋሁት። ደም ነበር።

መምህሬ የኔታ አዩኝ። በማግስቱ ጎጆዬ ከተማሪዎቹ ተለየች። ምግቤን ደጃፌ ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። አልፈርድባቸውም፤ ነቀርሳ ስንቱን ቤት እንደዘጋ ያውቃሉ። ግን አልቅሻለሁ።

ሰኔ ላይ ወንድሜ በበቅሎ እስቴ ካለው ክሊኒክ አደረሰኝና እርሻው ስለማይጠብቀው ወዲያው ተመለሰ። የክሊኒኩ ሐኪም ሴሎን ከምትባል ሩቅ ደሴት የመጡ፣ የቡድሃ እምነት ተከታይ ነበሩ። ረዳታቸው ድሬሰሩ ያስተረጉምልናል።

«ሳንባ ነቀርሳ ነው። ስትሬፕቶማይሲን የሚባል መርፌ በየቀኑ ትወጋለህ።»

«ዳግም አዜማለሁ?»

«አላውቅም» አሉ።

ብቻዬን አንድ ክፍል ተኛሁ። የመንገዱ ወንዝ በክረምቱ ሞላ። ጠያቂ ቀረ። ትንፋሽ ባጠረኝ ቁጥር ሞት የመጣ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሐኪሙ አጠገቤ ተቀመጡ። «እምነትህን አልነካም» አሉ። «የአገሬ መነኮሳት ትንፋሻቸው ሲገባና ሲወጣ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ይጠብቁታል። በርማ በሚባል አገር የሆዳቸውን ከፍ ዝቅ ማለት የሚከታተሉ አሉ። ጃፓን ደግሞ ግድግዳ ፊት ዓይናቸውን ሳይከድኑ ይቀመጣሉ። የሚቀልህን ያዝ።»

የአፍንጫውን መንገድ ያዝኩ። ግን የዜማ ሰው ምን ዝም ብሎ ትንፋሽ ያያል! ሲገባ ድፋት፣ ሲወጣ ርክርክ እያልኩ የዜማ ምልክት አበጀሁለት። ላስረዝመው ስታገል ሳሉ ተነሣ። ደሙም ተመለሰ።

«እየመራኸው ነው» አሉኝ ሐኪሙ። «ተወው፤ ራሱ ይምጣ።»

ከልጅነቴ ጀምሮ ትንፋሽን ማዘዝ እንጂ መተው ያስተማረኝ ስላልነበረ፣ ይህን እስክለምድ ክረምቱ አለቀ፤ ሲያጥር አጠረ፣ ብቸኝነቱ ሲመጣም መጣ ብዬ ሳላባርረው መቀመጥን ቀስ በቀስ ለመድኩ። ብቸኝነቱ አልጠፋም፤ ፍርሃቱ ግን ከላዬ ወረደ። ሳንባዬን ያዳነው መርፌው ነው፤ መርፌው እስኪሠራ ልቤን ያቆየልኝ ይኸኛው ትንፋሽን መጠበቅ ነው።

ድኜ ስመለስ የኔታ ሁሉን ሰሙና «ለሌላ ሰገድህ?» አሉኝ።

«የለም የኔታ፤ ትንፋሼን ብቻ ጠበቅሁ።»

«እሱንስ የሰጠህ እግዜር ነው። በል ያቋረጥካትን ጀምር።»

ጀመርኩ። እዚያችው ቃል ላይ ትንፋሼ አለቀ። አልታገልኩትም። ጠበቅሁት፤ የኔታም ጠበቁኝ። ሲመጣ ጨረስኳት።

እኚያን ሐኪም እግዜር ውለታቸውን ይክፈልልኝ። እናንተ የታመማችሁ፣ መርፌውን አታቋርጡ፤ ትንፋሻችሁንም አትታገሉት። ምግብ ደጃፍ ላይ አስቀምጣችሁ የምትሄዱም፣ ከሩቅም ቢሆን ቆም በሉና የታመመውን በስሙ ጥሩት።