የዳማ ፈረስ መልክ

ቢቸና አብሮኝ የሚያስተምር፣ ከደቡብ ተመድቦ የመጣ ባልደረባ አለኝ። ጣት የሚያካክሉ አሥራ ሁለት የፕላስቲክ ፈረሰኞች አሉት። ጠረጴዛ ላይ ደርድረን፣ ዳይስ እየጣልን ጦርነት እንጫወታለን። አንድ ቀን የድሮ የጎጃም ፈረሰኞች እናድርጋቸው ተባባልን፤ መቀባቱ ለእኔ ደረሰ።

ጭንቀቴ ከዚያ ጀመረ። የድሮ ፎቶ ላይ ፈረሱ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ነው። ያገኘሁት የታሪክ መጽሐፍም የፈረሶቹን መልክ ዳማ ይላል፣ ቦራ ይላል፤ ዳማ ምን ያህል እንደሚቀላ አይናገርም። ሰው ሳጠያይቅ ሞጣ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ፈረስ ሲነግዱ የኖሩ፣ አባታቸውም ፈረሰኛ የነበሩ ሽማግሌ አገኘሁ። ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኋቸው፤ ከዚያ በስልክ ሆነ።

ከዕለታት አንድ ቀን ስልካቸው ተዘጋ። በማግስቱም። በሦስተኛውም ቀን። መጀመሪያ የደነገጥኩት ለሰውየው አልነበረም፤ «ዳማን እንኳ በቅጡ ሳይነግሩኝ» ብዬ ነው። ወዲያው በራሴ አፈርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅ ላይ ሰው እስኪሞላ ስንቆም ደግሜ ደወልኩ፤ አሁንም ዝግ ነው። ሞጣ ደርሼ በሩን ሳንኳኳ ባለቤታቸው ከፈቱልኝ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ምነው እማማ? አባባ ደህና አይደሉም እንዴ?»

«ሳንባውን ታሞብኝ ነው ልጄ። መርፌ ጀምሯል። ግባ።»

ሽማግሌው መደቡ ላይ ጋቢ ተከናንበው ተኝተዋል። ላሳያቸው ያመጣሁትን የፈረሰኞቹን ሣጥን ከቦርሳዬ ላወጣ አልደፈርኩም።

«ፈረሶቹስ?» አሉኝ።

«ይቆዩ አባባ፣ ሲሻልዎ...»

«አምጣ እንጂ!»

አንዱን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ዳማ ነው ብዬ...»

«ይኼማ ያረረ ቆሎ ነው! ዳማ ከሩቅ ጥቁር ይመስልሃል። ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ቅላቱ ከውስጥ ይወጣል። ጋማውን ጥቁር አድርገው፣ ጭራውንም...»

ሳል ያዛቸው። አልለቅ አላቸው። ፈረሰኛውን በጡጫቸው እንደጨበጡ ጀርባቸውን ደገፍኩ፤ ባለቤታቸው ውኃ ይዘው ሮጡ።

«በቃ፣ አታድክመው» አሉኝ በለሆሳስ።

ተሰናብቼ ወጣሁ። ቢቸና እስክገባ ድረስ እኔ ነኝ ያባባስኩባቸው እያልኩ ራሴን ስወቅስ ነበር። በማግስቱ ስደውል ባለቤታቸው «አጥሚት ቀመሰልኝ» ሲሉኝ ትንሽ ተነፈስኩ። ሦስት ፈረሶችን እንደነገሩኝ ዳማ ቀባሁ፤ የቀሩትን መንካት ፈራሁ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ሽማግሌው ራሳቸው ደወሉ፤ ሰላምታ እንኳ የለም።

«ቦራ ማለት ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ነው። ነጩን አታብዛው!»

«ጤናዎ እንዴት ነው አባባ?»

«እሱን ተወውና ጻፍ።»

እስክሪብቶ ያዝኩ። የሚሉትን በግማሽ ጆሮ እየሰማሁ የማዳምጠው ግን ትንፋሻቸውን ነበር፤ ያ ሳል ይመለስ ይሆን ብዬ።