ለውሻዋ የሠራው ክኒን

የክፍላችን ኃላፊ ትልቅ ሳይንቲስት ነበር። ትልቅነቱን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ በየስብሰባው ራሱ ይነግረናላ። በደርግ ጊዜ፣ ሐዋሳ ውስጥ በነበረ አንድ ትንሽ የእንስሳት ቤተ ሙከራ፣ እሱ እያዘዘ እኔ የውሻ የጨጓራ አሲድ እለካ ነበር።

ውሻዋ ቡናማ ናት። ከእኛ በፊት የነበረ የውጭ ሐኪም ከጨጓራዋ ላይ ትንሽ ከረጢት ለይቶ ሰፍቶ፣ በጎኗ በኩል ቱቦ አውጥቶላታል። ሂስታሚን በመርፌ ስንወጋት አሲዱ በቱቦው ጠብ ጠብ ይላል። ሂስታሚን ሰውነት ራሱ የሚሠራው ነገር ነው፤ ቆዳን የሚያሳክከውም፣ ጨጓራ አሲድ እንዲያመነጭ የሚያዘውም እሱ ነው።

ኃላፊው ይህን ሰማና ተነሳሳ። የአለርጂ ክኒን ማሳከክን ካስቆመ አሲድንም ያስቆማል፣ ስለዚህ ጨጓራ ያድናል አለ። ሞከርነው። ውሻዋ እንቅልፏን ለጠጠች፤ አሲዱ ግን እንደ ድሮው መፍሰሱን ቀጠለ። ጨጓራ ሂስታሚንን የሚቀበለው በሌላ በር ነው፣ ያ ክኒን ደግሞ ያንን በር አይዘጋም። ቁም ሣጥናችን ውስጥ ያለው መጽሐፍም ይኸንኑ ይላል፤ ግን መጽሐፍ ማን ይገልጣል?

ችግሩ ሰውዬው ውጤቱን ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን አስቀድሞ ማስመዝገቡ ነው። በእኛ ቤት መጀመሪያ ሪፖርቱ ይጻፋል፣ ከዚያ ሙከራው ይደረጋል። እንደ አጋጣሚ መርፌዎቻችን ዶለዶሙ። «ከዛሬ ጀምሮ ሂስታሚኑንም ክኒኑንም በጥብጣችሁ አጠጧት» ብሎ አዘዘ። አጠጣናት። አሲዱ ቀነሰ። ሰውዬው ሊጨፍር ምንም አልቀረው።

«ጓድ፣» አልኩት፣ «ሂስታሚን ሲጠጣ እኮ ደም ውስጥ ሳይገባ አንጀትና ጉበት ያጠፉታል። ክኒኑ ባይኖርም አሲዱ ይቀንስ ነበር።»

መነጽሩን አወለቀና አየኝ። «ጓድ፣ ጥርጣሬ የንዑስ ከበርቴ ጠባይ ነው። ግራፉን ሣል።»

ሣልኩ። በመርፌ የተወጋችበትን ቀን በቀይ፣ ያጠጣናትን በሰማያዊ። እንዲህ የሚያምር ግራፍ በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም።

ውሾቹን የሚመግቡት አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የሲዳማ ሰው፣ ቁጥብ፣ ሳቃቸው ግን ቅርብ። ጨጓራቸው ቆስሎ ሐኪም ቤቱ አዲስ አበባ ሄደው እንዲታከሙ ወረቀት ጽፎላቸዋል፤ ወረቀቱን በኮታቸው ኪስ ይዘውት ይዞራሉ። ጠዋት ጠዋት ከውሾቹ ቤት ጀርባ ቆመን የኃላፊውን አነጋገር ሳስመስልላቸው፣ ሆዳቸውን ይዘው፣ «ተው ልጄ፣ ያመኛል» እያሉ ይስቁ ነበር። እንዴት ያለ ጀግና ነበርኩ፣ ከውሾች ቤት ጀርባ!

በኤግዚቢሽኑ ቀን ኃላፊው ግራፌን በዱላ እያመለከተ ስለ ሰፊው ሕዝብ ጤና ደሰኮረ። ከዚያ ሽማግሌውን ወደ ፊት ጠራና በሰው ሁሉ ፊት አንድ ብልቃጥ የአለርጂ ክኒን አስጨበጣቸው። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ከዚያ ቀን ወዲያ የአዲስ አበባው ጉዞ ቀረ።

«ልጄ፣ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ እንቅልፍ ይሰጠኛል» አሉኝ አንድ ቀን። ይሰጣል እንጂ! ውሻዋንም ያስተኛታል። «አባባ፣ ይሄን ይተዉት፣ ወረቀቱን ይዘው ይሂዱ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ማንም አይሰማንም ነበር። ግን ሳያስቡት ለኃላፊው ቢነግሩትስ፣ ስሜ ቢነሳስ፣ ስብሰባ ላይ አቁመው ግለ ሂስህን አውርድ ቢሉኝስ ብዬ ዋጥኩት። «ጥሩ ነው አባባ» አልኩና ወደ ብልቃጦቼ ተመለስኩ።

በጋው ሳይጋመስ አንድ ጠዋት ውሾቹ ቤት በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ እግራቸው ሥር እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ደም አስታውከዋል። በፒክ አፕ ሐኪም ቤት አደረስናቸው። ቀደዷቸው፤ ከጨጓራቸውም ግማሹን ቆርጠው አወጡ። ኃላፊው ያን ሰሞን የስብሰባ ብዛት አላስወጣው ብሎ አልጠየቃቸውም።

እኔ ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ! አሲድ ስለካ የኖርኩት ሰውዬ፣ ጨጓራው ለተቆረጠ በሽተኛ ብርቱካን! ነርሷ ከእጄ ተቀብላ በዓይኗ ገረፈችኝ።

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። የተጠጣው ሂስታሚን እንደሚጠፋ፣ ክኒኑ ምንም እንዳልሠራ፣ ግራፉን ስሥል ይህን እንደማውቅ። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ታዲያ ለምን ሳትነግረኝ ቀረህ?»

«ፈርቼ ነው አባባ።»

«ማንን?»

«ኃላፊውን።»

ዓይናቸውን ገለጡ። አልተቆጡም፤ በእውነት ግራ ገብቷቸው ነበር የሚያዩኝ።

«ያንን ሰውዬ?» አሉ። «በየቀኑ የምታስቀኝበትን?»