አሠልጣኜ ሽማግሌ ሆኖ የመጣ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ፋርማሲው ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ወጣት "ጋሼ፣ ፖይንት ኩክ ሰፈር እጮኛዬ ቤት ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ" አለኝ። "ጋሼ" መባሉን ሳልለምደው "ሽማግሌ" ተጨመረልኝ። ሳቄን ሳልጨርስ የድሮው አሠልጣኜ ማርክ ትዝ አለኝ።

ያኔ እዚሁ ሜልበርን፣ ታርኔት ሰፈር ከወላጆቼ ጋር እየኖርኩ ፋርማሲ እማር ነበር። በዩኒቨርሲቲው ክለብ ደግሞ የአሜሪካ ፉትቦል እጫወታለሁ። የእኔ ድርሻ መሮጥና የተወረወረልኝን ኳስ መያዝ ነው። ኳሱ አንዳንዴ ያመልጠኛል፤ እግሬ ግን አሳፍሮኝ አያውቅም። በሜልበርን ክረምት፣ ጭቃው ጫማ እየነቀለ እንኳ፣ የሚደርስብኝ አልነበረም። ማርክ ሩጫዬን ቀርጾ አሜሪካ ላለ ኮሌጅ ላከው። ኮሌጁም "ይምጣ፣ እናስተምረዋለን" አለ።

ክለቡ በሙሉ ተደሰተ። እኔ ግን ፈራሁ። እዚያ ማዶ እጥፌን በሚያካክሉ ልጆች መሃል ስወድቅ ስነሣ እየታየኝ እንቅልፍ አጣሁ። ያን ያህል ለደከመልኝ ሰው "አልሄድም" ማለት ደግሞ ከየት ይምጣ? አባቴ እምቢ ይሉልኛል ብዬ ተማመንኩ። "እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ነገር በሽማግሌ ነው የሚጠየቀው" አልኩት ማርክን፤ በዚያው የሚቀር መስሎኝ። እሱ ግን አባቴ የሚያከብሯቸውን ጋሼ ተሾመን ፈልጎ አገኘና፣ ቅዳሜ ከሰዓት ክራባቱን አሥሮ ከእሳቸው ጋር በራችን ላይ ቆመ።

እናቴ ጥብስ አቅርባለች። ቤቱን የሽንኩርትና የቃሪያ ሽታ ሞልቶታል።

"አረፍ በሉ እንጂ" አሉ አባቴ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፤ እህልም አንቀምስም" አሉ ጋሼ ተሾመ። ማርክም አብሯቸው ቆመ፤ ዓይኑ ግን ጥብሱ ላይ ነበር። ጋሼ ተሾመ ነገሩን አስረድተው ሲጨርሱ ማርክ ያጠናትን አማርኛ ጣል አደረገ፤ "እባክዎን እሺ ይበሉን።"

አባቴ ወደ ማርክ ዞሩ። "ባህሌን አክብሮ ደጄ የቆመን ሰው እንዴት እመልሳለሁ? እሺ፣ ይሂድ።"

እናቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ ፊቴን አየችና ተወችው። እንግዶቹ መብላት ሲጀምሩ አባቴ ወደ ጓሮ ጠሩኝ።

"እሺ ያልኩት ለሽማግሌ ክብር ነው። አንተን የጠየቀህ ግን የለም። መሄድ ትፈልጋለህ?"

"አልፈልግም፣ አባባ።"

"ታዲያ አፍ የለህም? ለዚህ ነው ሰው በር ላይ የምታስቆመው?" አሉና ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። "ግባና ራስህ ንገረው።"

ነገርኩት። ማርክ ጉርሻውን ዋጠ። "ቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ ይህን ክራባት ባላሠርኩ" አለና ሳቀ። "በሚቀጥለው ቅዳሜስ ትጫወታለህ?"

"እጫወታለሁ!"

"እኛ እንደሆነ አስፈቅደናል" አሉ ጋሼ ተሾመ፣ እጃቸውን ወደ ትሪው እየሰደዱ።

እፎይ! እንደዚያ ቀን ጥብስ ጣፍጦኝ አያውቅም። እስክመረቅ ለዚያው ክለብ በደስታ ሮጥኩ፤ ኳስ ተቀባይነቴም በዚያው አበቃ። አሁን ሳስበው፣ አባቴ እሺ ባይሉ ኖሮ ዕድሜዬን በሙሉ "አባቴ አስቀሩኝ" እያልኩ እኖር ነበር።

ወጣቱ መልሴን ይጠብቃል።

"እሄዳለሁ" አልኩት። "ግን ልጅቷ ራሷ ትፈልጋለች? ጠይቀሃታል?"

"ኧረ ጋሼ፣ ሽማግሌ ላክ እያለች መድረሻ ያሳጣችኝ እሷ ናት!"

እፎይ አልኩ። እንግዲህ ክራባቴን ልፈልግ።