የቅዳሜው ዘፋኝ

በጃንሆይ ጊዜ ሰበታ ውስጥ ሬዲዮ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። አንደኛው የጓደኛዬ አባት ነበሩ፤ ከሩቅ አገር መጥተው ጨው፣ ላምባና አቡጀዲ የሚሸጡ ሙስሊም ነጋዴ። የእኔ አባት ደግሞ ገበሬ ነበር። እኔና ጓደኛዬ አሥራ አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላን አንድ ዘፋኝ ወደድን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድምፁ ሲመጣ ከላምባው በርሜል አጠገብ ተቃቅፈን እንቆማለን። ከመጽሔት የቆረጥነው ፎቶው አንድ ሳምንት እሷ ጋ፣ አንድ ሳምንት እኔ ጋ ይከርማል። ጸጉሩ አፍሮ፣ ሱሪው ከታች የሰፋ ነበር። ማንኛችንን እንደሚያገባ ተከራክረን ተኳርፈንም እናውቃለን፤ ቅዳሜ ሲደርስ ግን ሬዲዮው ያስታርቀናል። አባቷ ፊታቸውን አኮሳትረው፣ "ዜና ልሰማ ነው የከፈትኩት፤ ለእናንተ አይደለም" እያሉ ድምፁን ከፍ ያደርጉታል።

አንድ ቀን ዘፋኙ እሑድ አዲስ አበባ ቴአትር ቤት ሊዘፍን ነው ሲባል ሰማን። አባቴ ለጉዳዩ ወደዚያው ስለሚሄድ ለምነነው ሁለታችንንም ሊወስደን ተስማማ። ቀሚሶቻችንን አሳጠርን።

በዚያው ሳምንት አባቷ ጨው ሲመዝኑ ወደቁ። አልተነሡም።

እሑድ ጠዋት አባቴ፣ "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ልሂድ ካልሽ እወስድሻለሁ" አለኝ። አልሄድኩም። ለቅሶ ቤት ገብቼ ከጓደኛዬ ጎን ተቀመጥኩ። ሬዲዮው ላይ ነጠላ ጣል ተደርጎበታል።

"ለምን ቀረሽ? ይሄኔ ጀምሯል እኮ" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ያላንቺ ሄጄ ምን ላደርግ?"

ትከሻዬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ ትምህርቷን ትታ ሱቁን ያዘች። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ባንኮኒው ጋ ቆሜ የዕለቱን ትምህርት እነግራታለሁ። ዘፋኙን ግን ሁለታችንም አናነሣውም።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ቅዳሜ እናቷ መጥተው ነጠላውን ከሬዲዮው ላይ አነሡት።

"ኧረ ይቆይ፣ እማማ፤ ለእኛ ብለው ከሆነ ይቅር" አልኳቸው ደንግጬ።

"ለእሱ ብዬ ነው" አሉ። "ዜናማ መቼ ይሰማ ነበር! የእናንተ ዘፈን መሃል ላይ እንዳይቋረጥ ብሎ ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ የባትሪ ድንጋይ ይከት ነበር። ለልጆቹ እንዳትነግሪ ይለኝ ነበር።"

ከፈቱት፤ የዘፋኙ ድምፅ መጣ። ጓደኛዬ ስኳር የምትሰፍርበትን ጣሳ እንደያዘች ቀረች። ገበያተኛ ገባ፤ እናቷ ዘፈኑ እስኪያልቅ በእጃቸው ጠብቅ አሉት።

ዘፋኙን በዓይናችን ሳናየው ቀረን። በኋላ ዝናውም ደበዘዘ፤ እኛም ሌላ ሌላ ነገር ያዝን። እሷ ተጂ ከተማ ያለ አንድ ነጋዴ አገባች፤ እኔ ቡራዩ አስተማሪ ሆንኩ። ለኢድ እኔ ልጆቼን ይዤ እሷ ዘንድ እሄዳለሁ። ለፋሲካ እነሱ ይመጣሉ፤ ለእነሱ የሚሆነውን በግ ባሏ ራሱ ጓሮዬ ውስጥ ያርደዋል፣ እሷም እጅጌዋን ሰብስባ ወጥ ቤቴ ትገባለች።